የመጀመሪያዋ ሌሊት በድንኳን

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር አዲስ አበባ እንኖራለን። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ቅዳሜና እሑድን ከስልክና ከቴሌቪዥን ርቀን ተራራና ጫካ ውስጥ ማሳለፍ እንፈልጋለን። አንድ ቀን እንጦጦ ወጥተን ትንሹ ልጅ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማልቀስ ጀመረ፤ አባቱ ተሸክሞት ወጣ፤ ሁላችንም ተኳርፈን ተመለስን። አሁን ደግሞ በጥቅምት ድንኳን ተክለን ለማደር አስበናል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን ‹ልጆቹን ብርድ ታስመቱብኛላችሁ፤ ጅቡስ?› ብለው አጥብቀው ተቃውመዋል። ከየት እንጀምር? ምን እንግዛ? አደጋውስ ምን ያህል ነው?»

ምላሽ፦ ከድንኳኑም ከጅቡም በፊት እንጦጦ ላይ ወደተኳረፋችሁባት ቀን ልመልስዎት። የዚያች ቀን ስሕተት ካልታረመ የትኛውም ጫካ ብትሄዱ ይከተላችኋል። ተራራ ለሚወጡ ሰዎች መንገድ መምራት ከጀመርሁ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖኛል፤ አሁን አሁን አብዛኛውን ጊዜ የምወጣው ልጆቻቸውን ይዘው ከሚመጡ ቤተሰቦች ጋር ነው። የአምስት ዓመት ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲያለቅስ እግሩ ደክሞት የሆነበትን ጊዜ በጣት እቆጥራለሁ። ያው ልጅ ቤት ውስጥ ሲሮጥ ይውል የለምን? የሚያስለቅሰው ርቦት ነው፣ ሞቆት ወይም በርዶት ነው፣ አለዚያም ለምን እንደሚሄድ አልገባውም።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። እርስዎና ባለቤትዎ ዳገቱን የምትወጡት ጫፍ ላይ ሆናችሁ ከተማውን ቁልቁል ለማየት ነው። ለልጅዎ ግን ከተማ መንገድ ላይ ሲያየው የኖረው ነገር ነው፤ ጫፉ ደግሞ የማይታይና የማይደረስ ነው። እሱ የሚሄደው እስከሚቀጥለው ድንጋይ፣ ጉንዳኖቹ እስከሚያቋርጡበት፣ እስከዚያ ጠማማ ዛፍ ድረስ ነው። ስለዚህ መንገዱን በትንንሽ መድረሻዎች ይቁረጡለት፤ ከመካከላቸው አንዳንዱን እሱ ይምረጥ። ጉንዳን ለማየት ሲቀመጥ አብረውት ይቀመጡ። የመጣችሁት ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከአባቶች ጋር በተደጋጋሚ አይቻለሁ። አባት ሃያ እርምጃ ይቀድምና ቆሞ «ቶሎ በል፣ ና» እያለ ይጠብቃል። ልጁ እየሮጠ ይደርስበታል፤ በደረሰባት ቅጽበት አባትየው ዐርፎ ጨርሷልና ጉዞውን ይቀጥላል። እንዲህ ሲሆን አባት በየመቶ ሜትሩ ያርፋል፤ ልጅ ግን አንድም ጊዜ አያርፍም። ከፊት የሚሄደው ትንሹ ይሁን፤ ፍጥነቱን እሱ ይወስን። ታላቅ እኅቱ ከኋላ መሆን ከከበዳት ውሃውን ወይም ፊሽካውን የመያዝ ኃላፊነት ይስጧት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የታመነችበትን ሥራ በክብር ትይዛለች።

ለጊዜ ስሌት የቆየ መለኪያ አለ። ናይስሚት የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ነው፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ይጨመራል። ይህ ለጠንካራ ጎልማሳ ነው። 4 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ ለጎልማሳ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከአምስት ዓመት ልጅ ጋር ሲሆን እጥፍ አድርጌ የዕረፍት ጊዜ እጨምርበታለሁ፤ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ሦስት ሰዓት ብሎ የወጣ ቤተሰብ በሦስት ሰዓት ሲመለስ ደስ ብሎት ነው፤ አንድ ሰዓት ብሎ የወጣው ግን በዚያው መንገድ ላይ ይጣላል።

ከዚህ ጋር የመመለሻ ሰዓት ከቤት ሳትወጡ ቁረጡ። ጠዋት 2 ሰዓት መንገድ ከጀመራችሁ 5 ሰዓት ላይ የትም ሁኑ የት ፊታችሁን ወደ መኪናው አዙሩ። ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረውም አዙሩ። ይህን የምለው ለደኅንነት ብቻ አይደለም። ልጅ ገና «ትንሽ እንሂድ» እያለ ከተመለሰ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማልዶ የሚቀሰቅሳችሁ እሱ ይሆናል።

እንጦጦን በራሱ መምረጣችሁ ስሕተት አልነበረም፤ ቅርብ ነው፣ ጥላ አለው። ግን ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ከፍታ ነው፤ በዚያ ላይ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ቁልቁለቱን እንደ ጠጠር ያንሸራትተዋል፤ ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ከወደቀ ዓለም ያስጠላዋል። ረገጥ ሲያደርግ የሚይዝ፣ ጥርስ ያለው ሶል ያለው የስፖርት ጫማ ይበቃዋል። በመውጫው ቀን አዲስ ጫማ አያጥልቁለት፤ የእግሩን ጥፍርም ዋዜማውን ይቁረጡለት፤ ቁልቁለት ላይ ጣት የሚጎዳው ጥፍር ጫማውን ሲገፋ ነው። በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ቅዳሜዎች አጫጭር መንገዶች ሞክሩ፤ እዚያው እንጦጦ፣ ጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል፣ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቆቹ ዙሪያ።

ለድንኳኑ ሌሊት ግን እኔ የምመርጥላችሁ መናገሻ ሱባን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለ ጥብቅ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይነገራል፤ በአፍሪካ ከቀደምት ጥብቅ ደኖች አንዱ ሆኖም ይጠቀሳል። ባሕር ዛፍ ብቻ እያየ ላደገ የከተማ ልጅ ይህ ደን ሌላ ዓለም ነው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው አለ፤ ከፍ ሲሉ ኮሶው፣ ከዚያ በላይ አስታው ይመጣል። ልጅዎ ዳገቱን ሲወጣ ዛፉ ሲለዋወጥ ያያል፤ «አሁን ኮሶ የት እንደሚጀምር ማን ቀድሞ ያያል?» ቢሉት ለግማሽ ሰዓት መንገድ የሚበቃ ምክንያት ሰጡት ማለት ነው። አንድ ዝግባ ሲያገኙ ሁላችሁም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ግንዱን ለማቀፍ ሞክሩ።

ጉሬዛም አለ። ነጭ ካባ የደረበ የሚመስለው፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወር ጅራቱ እንደ ጭራ የሚከተለው። ለልጆቹ አስቀድመው አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቅርንጫፉን የሚይዘው በአራቱ ጣቶች ነው። ከዚያ አውራ ጣታቸውን አጥፈው ብርጭቆ እንዲያነሡ ያድርጓቸው። ደኑ ውስጥ ሲያዩት ዝም ብለው የሚያዩት እንስሳ አይሆንም።

ከመሄዳችሁ በፊት የደኑን ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ስለ ማደሪያው ቦታ፣ ስለ ጥበቃውና ስለ መንገዱ ጠይቁ። ከሰበታ ወዲያ ያለው መንገድ ጥርጊያ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ዝቅ ላለ መኪና ያስቸግራል። የአካባቢውንም ሰላም በዚያው ሳምንት ጠይቁ። እኔ በሥራዬ ሁልጊዜ ሐሙስ እደውላለሁ፣ ዐርብ ማታ ደግሜ እደውላለሁ፤ በመልሱ ካልተደሰትሁ አልሄድም። ልጆቹንም ከመውጣታችሁ በፊት «አካም ጅርቱ» ማለት አስተምሯቸው። እረኛ ልጅ በቋንቋው ሰላም ሲባል ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ፤ ጥሩውን መንገድም የሚያውቀው እሱ ነው። ከረሜላ ግን አታድሉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከረሜላ እንዲጠየቅ ታደርጋላችሁ።

አሁን ወደ አማትዎ እንምጣ። እኔ ግማሹን ነገር ከእሳቸው ጋር ነኝ። ጉንፋን ራሱ ከብርድ አይፈጠርም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ልጆች ይበልጥ የሚይዛቸውም መስኮቱ በተዘጋ ክፍልና ታክሲ ውስጥ ነው። ግን ልጅ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ከቆዳው ስፋት አንጻር የሚይዘው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። የረጠበ ልብስ ከለበሰ ደግሞ ባሰ። ስለዚህ «ብርድ» ሲሉ የሚፈሩት ነገር በእውነት አለ፤ መፍትሔውም በእጃችን ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በራሴ ልጅ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ድንኳን ተክለን አስተኛኋት። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደረብሁላት፤ ከሥሯ አንድ ስስ ምንጣፍ ብቻ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ሰምቼ ነቃሁ። እስኪነጋ መኪና ውስጥ አቅፌያት ቁጭ አልሁ። ያን ጊዜ ብዙ ዓመት የሠራሁ መሪ ነበርሁ፤ ግን እንግዶቼ ሁሉ ጥሩ የመኝታ ከረጢትና ፍራሽ ይዘው የሚመጡ ስለነበሩ ብርዱ ከየት እንደሚገባ አስቤ አላውቅም ነበር።

ብርዱ የሚገባው ከሥር ነው። ብርድ ልብስ የሚያሞቀው በውስጡ በሚይዘው አየር ነው፤ ከሥርዎ ሲሆን ክብደትዎ ስለሚጫነው አየሩ ይወጣል፣ መሬቱም ሌሊቱን ሙሉ ሙቀትዎን ይጠጣል። ስለዚህ ከላይ አንድ ከደረባችሁ ከሥር ሁለት አንጥፉ። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። መርካቶ ተቆርጦ የሚሸጠው ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ አራት ጣት ውፍረት ያለው፣ ይበቃል። ከስፖንጁ ሥር እርጥበት የማያስገባ ላስቲክ ይነጠፍ፤ ደረቅ ሳር ካገኛችሁ ከሁሉም በታች ጎዝጉዙ። በስፖንጁ ላይ ደግሞ ባና ካላችሁ እሱን። የመንዝ ሰው በብርዱ አገር በበግ ፀጉር ባናና በርኖስ የኖረው ያለ ነገር አይደለም፤ የበግ ፀጉር እርጥበት ቢነካውም ሙቀት አይነፍግም። ጋቢ ደረቅ ሲሆን የሚስተካከለው የለም፤ ጥጥ ስለሆነ ግን አንዴ ከረጠበ ከብዶ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ጋቢውን ለመጨረሻ ድርብ አስቀምጡት፤ ጠል እንዳይነካው።

ልጆቹ ሲተኙ ቀን የለበሱትን አንድም ነገር እንዳይለብሱ። ደረቅ የሚመስለው ካልሲ ላብ ይዟል። ከውስጥ እስከ ውጭ ቀይሩላቸው፤ የሱፍ ኮፍያ አድርጉላቸው፤ ሽንት አሸኗቸው፤ ከመተኛታቸው በፊት ትኩስ ሻይና ቅቤ የገባው ጭኮ ስጧቸው። በልቶ የተኛ ልጅ ሰውነቱ ሌሊት የሚያነደው ነገር ያገኛል።

ሌላው ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት፣ ብርድ ፈርቶ ድንኳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው። የአራት ሰው ትንፋሽ ከቀዝቃዛው ሸራ ጋር ሲገናኝ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ጠዋት «ድንኳኑ አፈሰሰ» ይባላል። ያፈሰሰው ትንፋሻችሁ ነው። ከላይ ያለውን የአየር መግቢያ ክፍት ተዉት።

እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ለአምስት ደቂቃም፣ ፍም ሆኗል ብላችሁም፣ በሩን ከፍታችሁም አታስገቡ። የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ እንቅልፍ ይመስላል፤ ይገድላል። ቡታጋዙም እንዲሁ ከውጭ ይቅር። ከጅብ በፊት የምፈራው ይህን ነው።

ከከሰል ቀጥሎ የምፈራው ውሻ ነው። የእረኛና የጓሮ ውሻ ሥራው እንግዳ ማባረር ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታም በአገራችን አለ። ከመንደር ስትደርሱ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ ባለቤቱን ጥሩ፤ ልጆቹን መካከላችሁ አድርጉ፤ ማንም አይሩጥ። ማንም ልጅ ቡችላ እንዳይነካ፣ የሚያምር ቢሆንም። ውሻ ነክሶ ቆዳ ከቀደደ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ክትባት ጠይቁ። «ነገ እናየዋለን» የሚባልበት ነገር አይደለም።

ጅብን በተመለከተ፦ ጅብ የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ነው። ስለዚህ በዚያ ምሽት ሥጋ አትጥበሱ፤ አጥንትም አትጣሉ፤ የተረፈ ምግብ ሁሉ ተከድኖ መኪና ውስጥ ይደር፤ ድንኳን ውስጥ ብስኩት እንኳ አይግባ። ጥበቃ ያለበት የታወቀ ማደሪያ ምረጡ፤ ልጆቹ መካከል ይተኙ፤ ማታ የሚወጣ ልጅ ከአዋቂና ከባትሪ ጋር ይውጣ። ሲጮኽ ትሰሙት ይሆናል። ልጅዎን ሳያስፈራሩ «የደኑ ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ገብቷል» ይበሉት፤ እውነትም ነው።

መብረቅ ለክረምትና ለበልግ ከሰዓት በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከጋራ ጫፍ መውረድ ይበቃል። ብልጭታ ካያችሁ እስከ ድምፁ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ካጉረመረመ ወደ መኪናው ግቡ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ጥቅምትን መምረጣችሁ ጥሩ ነው። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ይቆማል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አልደረሰም። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በእኛ አገር ጨለማ በድንገት ነው የሚወድቀው። ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ከገባች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድፍን ይላል። ድንኳኑ በ10 ሰዓት ተተክሎ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ እራቱ በ11 ሰዓት ተኩል ይበላ። በጨለማ ድንኳን የሚተክሉ ወላጆች ይጨቃጨቃሉ፤ ልጆች ደግሞ የሌሊቱን ፍርሃት ከዚያ ጭቅጭቅ ይወስዱታል።

ስንቁን አታካብዱት። አባቶቻችን ለመንገድ የያዙት በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ እስከ ዛሬ የሚበልጠው የለም፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ያቆያል። ልጅ ግን በሶ ካልለመደ ጫካ ውስጥ አይለምድም፤ ቤት የሚወደውን ይዛችሁ ሂዱ። የተቀቀለ እንቁላልና ድንች፣ ሙዝ፣ ድፎ ዳቦ። ጾም ከሆነ የኑግ ወይም የተልባ ብጥብጥ ለበሶው ጥሩ ጓደኛ ነው። በኪሱ የራሱ ቆሎ ይኑረው፤ ሳይርበው ይብላ፤ በየሃያ ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ ውሃ ይጠጣ። ውሃ ከቤት ያዙ፤ ከምንጭ መጠጣት ግድ ከሆነ አፍሉት። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። በዚያው ምክንያት ሽሮ እንጂ ባቄላ ለመቀቀል አታስቡ። ጸበል በሆነ ምንጭ አጠገብ እጅ አትታጠቡ፤ መጸዳጃ ጉድጓድም ከማንኛውም ውሃ ራቅ ብሎ፣ ክንድ እስኪደርስ ባይሆን እንኳ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ይደፈን።

ምን እንግዛ ላሉት፣ ስፖንጅና በግንባር የሚታሰር ባትሪ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ግዙ። የራሱ ባትሪ ያለው ልጅ ጨለማን የሚፈራው በግማሽ ነው። ፔርሙስ ቤት አለ። ድንኳኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራዩ ወይም ተዋሱ፤ «ለ4 ሰው» የተባለው ለሦስት አዋቂ ነው፤ ለሁለት አዋቂና ለሁለት ልጅ ይሆናል። ወንጪ፣ ላንጋኖ፣ ጓሳ ወይም ባሌ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ወደ ላንጋኖና ወደ አዋሽ በኩል ስትወርዱ ወባ ስላለ አጎበር ያዙ፤ ባሌ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ከሱባ እጅግ ይበርዳል።

ከሱባ በፊት ግን አንድ ሌሊት ግቢ ውስጥ እደሩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የምትኖሩት ግቢ ያለው ዘመድ ጋር ሂዱ። ድንኳኑን ራሳችሁ ትከሉ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ ድፉበትና የሚያፈስበትን ፈልጉ፣ ልጆቹ ዚፑን በጨለማ መክፈት ይለማመዱ። ትንሹ በአምስት ሰዓት «ቤት ልግባ» ቢል ያለ አንዳች ወቀሳ አስገቡት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ድገሙት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያድር ያን ጊዜ ሱባ ትሄዳላችሁ፤ ጎሕ ሲቀድ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ጫፍ ሆነው ሲያጓሩ ልጅዎ ከእርስዎ ቀድሞ ይነቃል።

ለዚያች የግቢ ሌሊት አማትዎን ይጋብዟቸው። ድንኳን ውስጥ ይተኙ ማለቴ አይደለም፤ መኝታውን እሳቸው ያንጥፉት። ከሥር ስንት፣ ከላይ ስንት እንደሚነጠፍ ያስረዷቸው፤ በእጃቸው ይዳስሱት፤ የሚጎድል ካዩ ይጨምሩ። ጠዋት የልጁን እግር ነክተው ሞቆ ካገኙት ለሱባው ጉዞ ባናውን ከሳጥን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው።